ለጋሽ ሽፈራው የጻፍኩት ቁጥር

በሃያ አራት ዓመቴ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ። ሰው የምንቅ፣ ራሴም የምናቅ ሰው ነበርኩ። ሁለተኛውን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ጊዜው ሰባዎቹ አጋማሽ ነው። ደርግ ተደላድሎ ተቀምጧል፤ የዘበኛ አለቃ ሳይቀር ጓድ ካልተባለ ያኮርፋል። እኔ ስሙን በማልጠራው አንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ቤታችን እሪ በከንቱ ነው። ጠዋት ዳገቱን ወጥቼ፣ ፒያሳ ባንኮኒ ላይ ክንዴን አስደግፌ ማኪያቶዬን ጠጥቼ፣ አላፊ አግዳሚውን ፋራና አራዳ እያልኩ ከለየሁ በኋላ ነበር ሥራ የምገባው። ፋራው ብዙ ነው፤ አራዳው እኔና ሁለት ጓደኞቼ ብቻ ነበርን።

ሥራዬ እንዲህ ነው። ሐኪሙ በሽተኛው ካርድ ላይ የበሽታውን ስም በእንግሊዝኛ ይጽፋል። እኔ ያንን ስም ከውጭ በመጣ ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ እፈልግና ከጎኑ ያለውን ቁጥር በካርዱ ራስጌ በቀይ እስክሪብቶ አሰፍራለሁ። እያንዳንዱ በሽታ ቁጥር አለው። ወር ሲያልቅ ቁጥሮቹ ተደምረው ሰንጠረዥ ይወጣል፤ ሰንጠረዡ ወደ ላይ ይሄዳል። የሐኪሞቹን የተንጫጫረ ጽሑፍ ማንበብ የሚችል በክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ስላልነበረ ራሴን እንደ ሐኪም መቁጠር ጀምሬ ነበር። በሽተኞቹንማ በስማቸው ጠርቻቸው አላውቅም። ቁጥሩ ሁለት መቶ ሃምሳ የሆነው ስኳር ያለባቸው አንዲት ምስኪን ሴት በመስኮቱ ብቅ ሲሉ “ሁለት መቶ ሃምሳዋ መጡላችሁ” እላለሁ፤ ክፍሉ በሙሉ ይስቃል።

መስኮቱ ራሱ ለንቀት የተሠራ ይመስል ነበር። ማን እንደሠራው እንጃ፣ ዝቅ ብሎ ከወገብ ትይዩ ነው የተቆረጠው። በሽተኛው ካላጎነበሰ ፊቱ አይታይም። እኔም ካላጎነበስኩ አላየውም። ለማንም አላጎነብስም ነበር።

አለቃችን ጓድ ታምራት ይባላል። ከመጋዘን ጠባቂነት በካድሬነት ተነሥቶ የካርድ ክፍል ኃላፊ የሆነ ሰው ነው። ስለ በሽታ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ሲያስነጥሰው ቤቱ መቅረትን ነው። ይህ ሰው አንድ ቀን “ሳይንሳዊ አሠራር” የሚል ነገር ይዞ መጣ። የቀዶ ጥገና ተራ ከእንግዲህ በሐኪሞች መልካም ፈቃድ ሳይሆን በካርድ ክፍል ቁጥር ይወጣል አለ። የካንሰር ቁጥር ያለው በሽተኛ ይቀድማል። የማይጎዳ እብጠት ቁጥር ያለው ዓመት ይጠብቃል። ሐኪሞቹ አጉረመረሙ፤ ግን ማን አፍ አውጥቶ ይናገራል? በዚህ ሁኔታ የሰው ተራ በእኔ ቀይ እስክሪብቶ ሥር ወደቀ። እኔም ደስ አለኝ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያን ጊዜ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ከመስኮቱ ማዶ የጎልማሳ ሰው ድምፅ ሰማሁ።

“ልጄ፣ ሐኪሙ ከጆሮዬ ሥር ትንሽ ቆንጥሮ ወስዶ ነበር። ለውጤቱ ነው የመጣሁት።”

በመስኮቱ ያቀበሉኝን የካርድ ቁጥር አይቼ ካርዱን አወጣሁ። ከጆሮ ሥር ያለው የምራቅ ዕጢ አብጧል፤ ምናልባት የማይጎዳ ዓይነት ይሆናል፤ ናሙናው ላቦራቶሪ ተልኳል ይላል የሐኪሙ ጽሑፍ። ከጆሮ ሥር የሚያብጥ ነገር በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ብዙ ቤት አለው። ጆሮ ደግፍ ከሆነ አንድ ቁጥር ነው፤ የምራቅ ዕጢ መመርቀዝ ከሆነ ሌላ ነው። የማይጎዳ እብጠት ከሆነ ሁለት መቶ አሥር ነጥብ ሁለት። ካንሰር ከሆነ መቶ አርባ ሁለት ነጥብ ዜሮ። ትክክለኛው ሥራ “ውጤቱ አልደረሰም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይምጡ” ማለት ነበር። ከኋላቸው ግን ረጅም ሰልፍ አለ፤ እኔም ደክሞኛል። ሁለት መቶ አሥር ነጥብ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። በትንሽ የቀጠሮ ወረቀት ላይም ያንኑ ቁጥር ገልብጬ ከሥሩ “ከአንድ ዓመት በኋላ” አልኩበት።

“ሂድ ሽማግሌ” አልኩ። “ይሄ እብጠት እንጂ በሽታ አይደለም። የዛሬ ዓመት ና።”

“እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ፤ እፎይ አሰኘኸኝ” አሉ።

ሲሄዱ ወደ ጓደኛዬ ዞሬ “ሰው በምራቁም ይታመማል እንዴ?” አልኩት። ተሳሳቅን።

ውጤቱ የመጣው ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው። ካንሰር ይላል። እዚህ ላይ “ቃሉን አላወቅሁትም” ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር፤ እናንተም ታዝኑልኝ ነበር። አውቄዋለሁ። ሁለቴ አንብቤዋለሁ። ነገር ግን የወሩ ሰንጠረዥ በዚያው ቀን ጠዋት ተተይቦ አልቋል። አንድ ቁጥር ከአንዱ መደዳ ወደ ሌላው ማዛወር ማለት ድምሩን ሁሉ እንደገና መሥራት፣ ታይፒስቷን መለመን፣ የጓድ ታምራትን ስድብ መጠጣት ማለት ነው። ደግሞም ከጓደኞቼ ጋር ሲኒማ ለመግባት ተቀጣጥረናል። ውጤቱን ካርዱ ውስጥ አጣበቅሁት። ቀዩን ቁጥር አልነካሁትም። በሚቀጥለው ወር አስተካክለዋለሁ አልኩ። በሚቀጥለው ወር ረሳሁት።

አራት ወር አለፈ።

የቅርብ ጓደኛዬ ሊያገባ ነው፤ እኔ ሚዜ ነኝ። ግራጫ ጨርቅ ገዝቼ ዓርብ ከሥራ ስወጣ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረድኩ። እዚያ ጥግ ላይ “ሽፈራው ወልደየስ ልብስ ስፌት” የሚል ሰሌዳ ያለው ጠባብ ሱቅ ነበር። ሰውየው ጥሩ ኮት ይሰፋሉ ተብዬ ነው። ጋሽ ሽፈራው ሃምሳ አምስት የሚሆናቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ሜትር አንገታቸው ላይ የጣሉ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ጥግ ላይ ተቀምጠው ቁልፍ ይተክላሉ።

“ትከሻህን ልቀቀው” አሉኝ ጋሽ ሽፈራው። “እንደ ሰልፈኛ አትገተር፤ ኮቱ ያንተ እንጂ የመንግሥት አይደለም።”

ሳቅሁ። ዞረው ፊት ለፊቴ ሲቆሙ ግን ሳቄ ጠፋ። አፋቸው ወደ ግራ ተጎትቷል። ቀኝ ዓይናቸው ሲያርገበግቡ አይከደንም፤ ውሃ ያቀርራል። ከቀኝ ጆሯቸው ሥር የዶሮ እንቁላል የሚያህል ነገር ቆዳውን ወጥሮታል። ስፒሎቹን በግራ ከንፈራቸው ብቻ ነክሰው ይዘዋል። አንዷ ወደ ቀኝ ሸርተት አለችና ወለሉ ላይ ወደቀች።

ማየቴን አዩ። በሩን ገልመጥ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና “ይሄኛው ግማሽ ፊቴ አብዮታዊ ዲሲፕሊን የለውም” አሉ።

“እሱ በሁሉ ነገር ይቀልዳል” አሉ እትዬ ዘነበች መርፌያቸውን ሳይለቁ። “መጀመሪያ ጆሮ ደግፍ ነው አለ። ከዚያ ብርድ ነው አለ። ይኸው ፊቱ ከዞረ ወር ሆነው። ሆስፒታል ሂድ እለዋለሁ፤ እምቢ አለ።”

“ሄጃለሁ እኮ! የተማረ ሰው ‘በሽታ አይደለም’ ብሎኛል። የተማረ ሰው የነገረኝን ትቼ ያንቺን ልስማ?” ወደ እኔ ዞሩ። “ፊቱን አላየሁትም እንጂ ጎበዝ ልጅ ነው። ካርዴን አንዴ አየት አደረገና ቁርጡን ነገረኝ። ሌላ ቦታ ቢሆን ስንት ቀን ያመላልሱኝ ነበር።”

ከደረት ኪሳቸው አንዲት የታጠፈች ወረቀት አወጡ። ልክ እንደ ክታብ በላስቲክ ጠቅልለዋታል። ዘረጉልኝ።

የእኔ ጽሑፍ ነው። ሁለት ቁጥርን አንገቷን እንደ ዳክዬ አዙሬ ነው የምጽፋት፤ ማንም እንደዚያ አይጽፍም። ሁለት መቶ አሥር ነጥብ ሁለት። ያቺ ያጣበቅኋት ውጤት መጣችብኝ። ካንሰር የሚለው ቃል ከነፊደሉ ታየኝ።

“አንተ የት ነው የምትሠራው?” አሉኝ ክንዴን እየለኩ።

“የጽሕፈት መሣሪያ መደብር” አልኩ።

ቁመቴን፣ ደረቴን፣ ወገቤን ለክተው በጠመኔ ጻፉ። የእሳቸው ቁጥሮች ሁሉ ትክክል ነበሩ። ሁለት ጊዜ ነው የለኩኝ፤ “ጨርቅ አንዴ ከተቆረጠ ይቅርታ የለውም” ብለው።

ዳገቱን ወደ ቤት እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። እራት አልበላሁም። ለራሴ ብዙ ምክንያት ደረደርኩ። ምናልባት ውጤቱ የሌላ ሰው ይሆናል፤ ምናልባት ላቦራቶሪው ተሳስቷል፤ ምናልባት በዚህ ደረጃ ላይ ምንም ማድረግ አይቻል ይሆናል፣ ታዲያ መናገሩ ለምን ይጠቅማል? ከሁሉም የሚያስጠላው የመጨረሻው ነው፤ እሱን ደግሞ ረዘም ላለ ጊዜ አስቤበታለሁ።

ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ሥራ ነበር። በሁለት ሰዓት ገብቼ ሰሌዳው ላይ ባየሁት ስም ፈልጌ ካርዱን አወጣሁ። ሽፈራው ወልደየስ፣ ልብስ ሰፊ። ውጤቱ እዚያው፣ እንዳጣበቅሁት አለ። ጓድ ታምራት አራት ሰዓት ላይ እስኪገባ ጠብቄ ካርዱን ይዤ በሩን አንኳኳሁ።

“ጓድ፣ ስህተት ሠርቻለሁ” አልኩና ሁሉንም ነገርኩት። ሲያዳምጥ ጥርሱን በክብሪት እንጨት ይጎረጉር ነበር።

“እና ምን ይደረግ ነው የምትለው?”

“ቁጥሩ ይስተካከልና ዛሬውኑ ለቀዶ ጥገና ይተላለፍ።”

“የሩብ ዓመቱ ሪፖርት እኮ ሄዷል” አለ። “ካንሰር ቀንሷል ብለን ነው የጻፍነው። በስብሰባ ላይ ተጨብጭቦልናል።”

“ጓድ፣ ካንሰር አልቀነሰም። እኔ ነኝ የቀነስኩት።”

እንጨቱን ከአፉ አወጣ። “ቀስ በል። ይሄ ንግግር ምን እንደሚባል ታውቃለህ? የመንግሥት ሪፖርት ሐሰት ነው እያልክ ነው። አሻጥር ይባላል። በአሻጥር የገቡ ሰዎች የት እንዳሉ ላሳይህ?”

ፈራሁ፤ አልዋሻችሁም። በዚያ ዘመን ያ ቃል ቀላል ቃል አልነበረም። ፍርሃቴን ሲያይ ለዘብ አለ፤ እንዲያውም አዘነልኝ መሰለኝ።

“መፍትሔ አለው” አለ። “በሚቀጥለው ሩብ ዓመት አዲስ በሽተኛ አድርገህ አስገባው። አዲስ ካርድ፣ አዲስ ቁጥር። ማንም አይነካህም።”

“እስከዚያ ቢሞቱስ?”

“ከሞተ የሟቾች ሰንጠረዥ አለ” አለ።

እየቀለደ አልነበረም። ይህን ደግማችሁ አንብቡት፤ ሰውየው እየቀለደ አልነበረም። ከልቡ መፍትሔ እየፈለገልኝ ነበር። ለእሱ ሰው ማለት ከአንድ ሰንጠረዥ ወጥቶ ሌላ ሰንጠረዥ የሚገባ ነገር ነው። ናቅሁት። ወዲያው ግን አንድ ነገር ወጋኝ። “ሁለት መቶ ሃምሳዋ መጡላችሁ” የሚለው ሰው እኔ ነኝ። እኔና ይህ ሰው የምንለያየው እኔ ማኪያቶ በመጠጣቴ ብቻ ነው።

“ካርዱን አምጣው” አለና ከእጄ ወሰደው። መሳቢያው ውስጥ ከተተና ቆለፈበት። “ጉዳዩ በኮሚቴ ይታያል።”

ወጣሁ። ሰዓቱ አራት ተኩል ነው። ካርዱ የለም፤ ውጤቱም እዚያው ውስጥ ነው። ያለ ወረቀት የትኛው ሐኪም ቢላ ያነሣል? ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሳስብ ላቦራቶሪው ትዝ አለኝ። እዚያ ውጤት ሁሉ ከመላኩ በፊት ትልቅ መዝገብ ላይ ይገለበጣል። ላቦራቶሪው ግን በጓሮ ነው፤ የመዝገቡ ጸሐፊዋም አስካለ ነበረች።

አስካለን ላስተዋውቃችሁ። ጴንጤ ናት። ያን ጊዜ እንደዚያ መሆን ቀላል አልነበረም፤ የሚጸልዩበት ቤት ታሽጎ፣ ወንድሟም ታስሮ ነበር። እኔ ደግሞ ምሳ ሰዓት ላይ ባለፈች ቁጥር “ሃሌ ሉያ!” እያልኩ የማስቅባት ሰው ነበርኩ። አሁን በሯ ላይ ቆምኩ።

“ምን ፈለግህ?” አለችኝ ቀና ሳትል።

“የአንድ ሰው ውጤት። ከአራት ከአምስት ወር በፊት የተሠራ።”

“ቁጥሩ ስንት ነው?”

የካርዱን ቁጥር አላስታውስም ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ግቢ ውስጥ የበሽተኛ ስም ጠራሁ። “ሽፈራው ወልደየስ” አልኩ። “ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ልብስ ሰፊ ናቸው። ባለቤታቸው ዘነበች ይባላሉ።”

ያኔ ቀና አለች። ለምን እንደምፈልገው ጠየቀችኝ። ነገርኳት፤ ሲኒማውን ሳይቀር፣ ጓድ ታምራት ካርዱን እንደቆለፈበትም ጭምር። ስጨርስ መዝገቡን ከመደርደሪያው አወረደች። ሁለታችንም በጣታችን መስመር በመስመር ሄድን። የዚያ ወር ብቻ ሳይሆን ከእሱ በፊት ያለውም አለቀ፤ የለም። ሰዓቱ አምስት ተኩል ሆነ። ዶክተሩ ስድስት ሰዓት ላይ ይወጣሉ።

“‘ሽ’ን ትተው በ‘ሺ’፣ ሺፈራው ብለው ጽፈውት አልፈነው ይሆናል” አለችና ወደ ኋላ ገለበጠች። አገኘችው።

ውጤቱን በእጇ ቃል በቃል ገለበጠችና ማኅተም መታችበት፤ ከሥሩም ስሟን ከነአባቷ ጻፈች።

“ስምሽን ባትጽፊው ይሻላል” አልኳት። “ታምራት ካየው…”

“ውጤት ስም ከሌለው ውጤት አይደለም” አለች። ወረቀቱን ስትሰጠኝ ትክ ብላ አየችኝ። “አንተን ለመርዳት እንዳይመስልህ” አለች፤ ወደ ሥራዋም ተመለሰች። ልክ ነበረች።

ሮጥኩ። ዶክተር ኃይለማርያም፣ የቀዶ ጥገና ሐኪሙ፣ የቮልስዋገናቸውን በር ከፍተው ነበር የደረስኩባቸው። አጭር፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። ወረቀቱን በመኪናው ጣሪያ ላይ ዘርግተው አነበቡት።

“ፊቱ ዞሯል?”

“አዎ ዶክተር። ዓይናቸውም አይከደንም።”

“ቀኑን አየሁት። ይህ ውጤት አራት ወር የት ነበር?”

“እኔ ዘንድ።”

“ጠፍቶብህ ነው?”

“አልጠፋም። አይቼዋለሁ። ሰንጠረዡ ተተይቦ ስለነበር ነው።”

ቢሰድቡኝ፣ በጥፊ ቢሉኝ እወድ ነበር። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና “ሰኞ ጠዋት ይተኛ” አሉ። “ታምራትን ለእኔ ተወው። ሰውየውን ግን አንተ ራስህ ሂድና ንገረው። ሌላ ሰው እንዳትልክ። ቁጥሩን ሳይሆን ያደረግኸውን ንገረው።”

ከዚያ ቀን ሁሉ የከበደኝ ያ ቁልቁለት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሱቁ ደረስኩ። ጋሽ ሽፈራው ጨርቄን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው መቀሱን ይዘዋል።

“ቸኮልክ እንዴ? ሠርጉ መች ነው?”

“ጋሽ ሽፈራው፣ ይቀመጡ” አልኩ። “የጽሕፈት መሣሪያ መደብር አይደለም የምሠራው።”

ቆመው ነው የሰሙኝ። እትዬ ዘነበች ገና ከመጀመሪያው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ካንሰር የሚለውን ቃል ስናገር ጋሽ ሽፈራው መቀሱን ቀስ ብለው አስቀመጡት። ከመስኮቱ ጀርባ የነበርኩት እኔ መሆኔን፣ ውጤቱ መምጣቱን፣ አንብቤው መተዌን ነገርኳቸው። ሰኞ እንደሚተኙም ነገርኳቸው።

“ስሜን ታውቀዋለህ?” አሉ።

“ሽፈራው ወልደየስ።”

“ያን ጊዜስ ታውቀው ነበር?”

“አላውቅም። ካርዱ ላይ ነበር፤ አላነበብኩትም።”

ራሳቸውን ነቀነቁ። “ስህተት ቢሆን እኔም እሳሳታለሁ። ስንት ሰው እጅጌ አሳጥሬያለሁ። አንተ ግን አልተሳሳትክም። ንቀኸኝ ነው” አሉ። ድምፃቸው አልጨመረም። “እኔ ደግሞ እዚህ ለመጣው ሁሉ ‘ጎበዝ ልጅ’ እያልኩ ሳመሰግንህ ከረምኩ።”

እትዬ ዘነበች አለቀሱ። ጋሽ ሽፈራው ግራጫውን ጨርቅ አጥፈው፣ ጠርዙን ከጠርዙ አስተካክለው፣ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። “ላንተ አልሰፋም” አሉ። “ሰኞ ግን እመጣለሁ። ስለ ነገርከኝ አላመሰግንህም፤ ዕዳህ ነው።”

ሰኞ መጡ። ረቡዕ ዶክተር ኃይለማርያም ቀዶ ጥገናውን አደረጉ። ስድስት ሰዓት ያህል ፈጀ። እኔ ከቀዶ ጥገናው በር ማዶ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነበር፤ እትዬ ዘነበች አግዳሚው ላይ። አልተናገሩኝም፤ ሂድም አላሉኝም። ዶክተሩ ሲወጡ ለእሳቸው “ዕጢው ወጥቷል” አሏቸው። ለእኔ ደግሞ ሳልጠይቃቸው ጥግ ይዘው ነገሩኝ። ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በምራቅ ዕጢው መካከል ነው የሚያልፈው። በሽታው ነርቩን ስለያዘው አብሮ መቆረጥ ነበረበት። ያ ግማሽ ፊት ከእንግዲህ አይመለስም። “ከአራት ወር በፊት ቢሆን ምናልባት አተርፈው ነበር” አሉ። “ምናልባት ነው ያልኩት። በዚያ ምናልባት ውስጥ ግን የምትኖረው አንተ ነህ።”

በእኔ ላይ የደረሰው ትንሽ ነው። ጓድ ታምራት የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ጠራ። ተነሥቼ የንዑስ ከበርቴ ዝንባሌ ስላለብኝ ስህተት መሥራቴን እንድናገር ታዘዝኩ። ቆምኩና “ዝንባሌ አይደለም፤ ሰው ንቄ ነው” አልኩ። ያ ቃል በመመሪያው ውስጥ ስላልነበረ ቃለ ጉባኤ ያዡ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ጠፋው። በመጨረሻ “ዝንባሌ አለበት” ብሎ ጻፈ። ወደ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተዛወርኩ። እዚያ ዓመት ያህል የበሽተኛ አንሶላ ስቆጥር ቆየሁ። የካርድ ክፍሉ ጽሑፉን የሚያነብ ሲያጣ መልሰው ጠሩኝ። ዶክተር ኃይለማርያም የቀዶ ጥገናውን ተራ ከጓድ ታምራት እጅ እንዴትም ብለው ነጠቁት። ታምራት ራሱ ተሹሞ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሄደ። እንደዚህ ዓይነት ሰው ይሾማል እንጂ አይወድቅም፤ እዚህ ድረስ ፍትሕን የጠበቀ አንባቢ ካለ ይቅርታ ይደረግልኝ።

እኔ ከዚያ በኋላ ምን ሆንኩ? ቅዱስ አልሆንኩም። ከማጠቢያው ስመለስ የመጀመሪያ ሥራዬ አናጢ ለምኜ መስኮቱን ወደ ላይ ማስቆረጥ ነበር። ውጤት ያልደረሰለት ካርድ ላይ ቁጥር አልጽፍም፤ ወሩ ቢያልቅም፣ አለቃው ቢጮህም። ስሙን ጮክ ብዬ ሳላነብ የማንንም ካርድ አልዘጋሁም። ባልደረቦቼ ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ፤ የዚያን ሳቅ ደራሲ አውቀዋለሁ። እናንተ አንባቢዎች ግን፣ ከጠረጴዛ ወይም ከመስኮት ጀርባ የምትቀመጡ ካላችሁ፣ “ነገ አስተካክለዋለሁ” ያላችሁትን አንድ ወረቀት አሁን አስታውሱ። አለች። ሁላችንም ዘንድ አንዲት አለች። ተነሡና አውጧት፤ የእኔን ታሪክ ማንበቡ ይቆያል።

ጋሽ ሽፈራው ሰባት ዓመት ኖሩ። ዓይናቸውን በጣታቸው እየከደኑ፣ ስፒሉን በግራ ከንፈራቸው እየያዙ ሰፉ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታዬን ይመልሱ ነበር፤ ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመሩም። በስምንተኛው ዓመት በሽታው ሳንባቸው ላይ ተነሣ፤ ብዙም አላቆያቸው።

ከቀብሩ ሁለት ሳምንት በኋላ እትዬ ዘነበች ለቀበሌ የሚሰጥ የሞት ማስረጃ ሊያወጡ መጡ። ጥቁር ነጠላቸውን እንዳጣፉ መስኮቱ ጋ ቆሙ። ማጎንበስ ስለማያስፈልግ ፊት ለፊት ተያየን። ወረቀቱን ጽፌ፣ የጋሽ ሽፈራውን ስም ከነአያታቸው አሳምሬ፣ ማኅተም አስመትቼ ሰጠኋቸው። አልሄዱም።

“ብዙ ጊዜ ስላንተ ያነሣ ነበር” አሉ። “ምን ይል እንደነበር ማወቅ ትፈልጋለህ?”

ከኋላቸው ሰልፍ አልነበረም። ጊዜ ነበረኝ። እስክሪብቶዬን ከደንኩ።

“አይ፣ እትዬ” አልኩ።

“እሺ ልጄ” አሉና ወረቀቱን አጥፈው ወጡ። እሳቸውም ከዚያ በኋላ ብዙ አልኖሩም። ይቅር ብለውኝ ይሁን ረግመውኝ አላውቅም፤ ለማወቅ የቀረኝን አንድ ዕድል ፈርቼ የመለስኩት እኔው ነኝ።